የአኪሌስ ጅማት ሕመም

የአኪሌስ ጅማት ሕመም የባት ጡንቻዎችን ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚያያይዘው ወፍራም ጅማት ላይ የሚሰማ ሕመም ነው። በሯጮች፣ በእግር ኳስ ተጫዋቾችና መዝለል በሚበዛባቸው ስፖርቶች ተወዳዳሪዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ ስፖርት የማይሠሩ ሰዎችንም ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጅማቱ ከለመደው በላይ ጫና ሲደጋገምበትና ራሱን ለመጠገን በቂ ጊዜ ሲያጣ ነው። ዋነኛው ሕክምና ጫናውን ለጊዜው መቀነስና ጅማቱን ደረጃ በደረጃ እየከበደ በሚሄድ እንቅስቃሴ መልሶ ማጠንከር ነው። ዕረፍት ብቻውን ሕመሙን ሊያስታግስ ቢችልም ጅማቱን አያጠነክረውም፤ ስለዚህ ሰውየው ወደ ቀድሞ ሩጫው ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ይመለሳል። በድንገት የሚደርስ የጅማቱ መበጠስ ከዚህ የተለየ ጉዳት ሲሆን ፈጣን ሕክምና ያስፈልገዋል።

ስያሜ

ጅማቱ ስሙን ያገኘው በጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ ከሚታወቀው ጀግና ከአኪሌስ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት እናቱ ቴቲስ ልጇን ሞት እንዳይደፍረው ብላ ስቲክስ በተባለው ወንዝ ውስጥ ስትነክረው ተረከዙን ይዛ ስለነበር ውኃው ያልነካው ያ ቦታ ብቻ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻም አኪሌስ እዚያው ቦታ ላይ በፓሪስ ቀስት ተመትቶ ሞተ። የወንዙ ታሪክ በሆሜር «ኢልያድ» ውስጥ አይገኝም፤ በጽሑፍ የሚታወቀው በ1ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ሮማዊ ባለቅኔ ከስታቲየስ ጀምሮ ነው። ስሙ ወደ ሕክምና የገባው የፍላንደርስ ተወላጅ የሆነው የሰውነት ክፍሎች ሊቅ ፊሊፕ ቬርሃየን እ.ኤ.አ. በ1693 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

በአማርኛ ይህ ጅማት በተለምዶ ቋንጃ ይባላል። ይሁን እንጂ ቋንጃ የሚለው ቃል ከጉልበት በስተኋላ ላለው ጅማትም ይውላል። ጅማት የሚለውም ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር አጥንትን ከአጥንት ለሚያያይዙ ክሮችና አንዳንድ ጊዜም ለነርቭ ጭምር ያገለግላል። በዚህ ጽሑፍ ጅማት ማለት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ ገመድ መሰል ክፍል ነው።

የጅማቱ አሠራር

የአኪሌስ ጅማት በሰው አካል ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ትልቁና ጠንካራው ነው። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይ ከሁለት የባት ጡንቻዎች ጋር ይገናኛል። የመጀመሪያው ከቆዳ ሥር ጎልቶ የሚታየውና ከጉልበት በላይ የሚጀምረው ጡንቻ ነው። ሁለተኛው ከእሱ ሥር የተደበቀውና ከጉልበት በታች የሚጀምረው ጠፍጣፋ ጡንቻ ነው። ይህ ልዩነት በሕክምናው ላይ ትርጉም አለው፤ ጉልበት ሲዘረጋ የላይኛው ጡንቻ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ የታችኛው ጡንቻ የበለጠውን ሥራ ይሠራል።

ጅማቱ በአብዛኛው የተሠራው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ነው። የኮላጅን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረው እንደ ገመድ ስለሚጠነክሩ ትልቅ ጭነት ይሸከማሉ። ጅማቱ እንደ ሞላም ይሠራል፤ እግር መሬት ሲረግጥ በመጠኑ ተለጥጦ ኃይል ያጠራቅማል፣ እግር ከመሬት ሲነሳ ደግሞ ያንኑ ኃይል መልሶ ይሰጣል። ሰው ሲሮጥ በዚህ ጅማት ላይ የሚያርፈው ኃይል የሰውነት ክብደቱን ከ6 እስከ 8 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ጅማት ከጡንቻ ጋር ሲነጻጸር የሚያገኘው ደም ትንሽ ነው። በተለይ ከተረከዝ አጥንት በላይ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለው ክፍል የደም አቅርቦቱ አነስተኛ ሲሆን አብዛኛው ሕመምና መበጠስ የሚደርሰውም እዚሁ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ሲጠነክር ጅማት ወራት ይፈልጋል። አዲስ ሯጭ ትንፋሹና ጡንቻው ቶሎ ሲሻሻሉለት ርቀቱን በፍጥነት ይጨምራል፤ ጅማቱ ግን ገና ወደ ኋላ ቀርቷል። የሕመሙ መነሻ ብዙውን ጊዜ ይህ ክፍተት ነው።

ዓይነቶች

ሕመሙ በሚገኝበት ቦታ በሁለት ይከፈላል።

የመካከለኛው ክፍል ሕመም ከተረከዝ አጥንት በላይ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ባለው ቦታ ላይ የሚሰማ ሲሆን የተለመደው ዓይነት ነው። ጅማቱ በዚያ ቦታ ሊወፍር ወይም እንደ እብጥ ሊዳሰስ ይችላል።

የመጋጠሚያ ሕመም ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚሰማ ነው። አንዳንድ ጊዜ በአጥንቱ ላይ ተጨማሪ ጉብታ ይታያል፤ በጅማቱና በአጥንቱ መካከል ያለችው ፈሳሽ የያዘች ከረጢትም ልትቆጣ ትችላለች። በዚህ ዓይነት ሕመም ጠንካራ የኋላ ጫፍ ያለው ጫማ ሕመሙን ያባብሳል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ሕመሙ የጅማት ብግነት ተብሎ ይጠራ ነበር። ለረጅም ጊዜ ከታመሙ ሰዎች የተወሰደ ጅማት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን የተለመደው ብግነት ብዙም አይታይበትም። በምትኩ የኮላጅን ክሮች ሥርዓታቸውን አጥተው ተበታትነው፣ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ገብተው ይገኛሉ። ይህ ግንዛቤ የሕክምናውን አቅጣጫ ለውጦታል፤ ዓላማው ብግነትን ማጥፋት ብቻ ከመሆን ወጥቶ ጅማቱ እንደገና ጭነት እንዲችል ማድረግ ሆኗል።

መንስኤና አጋላጭ ሁኔታዎች

ዋነኛው መንስኤ የጫና ድንገተኛ ለውጥ ነው። የሩጫን ርቀት ወይም ፍጥነት በአንድ ጊዜ መጨመር፣ ሳይለምዱ ዳገት ወይም ደረጃ መሮጥ፣ ከረጅም ዕረፍት በኋላ በአንዴ ወደ ቀድሞው ልምምድ መመለስና ወፍራም ተረከዝ ካለው ጫማ በድንገት ወደ ስስ ጫማ መቀየር የተለመዱ ምሳሌዎች ናቸው። ዳገት ላይ ተረከዝ ከፊተኛው የእግር ክፍል ዝቅ ስለሚል ጅማቱ የበለጠ ይለጠጣል።

ከዚህ ሌላ የሚከተሉት ሁኔታዎች ሰውን ለሕመሙ ያጋልጣሉ፦

• ዕድሜ መጨመር
• የሰውነት ክብደት ከመጠን ማለፍ
• የባት ጡንቻ ደካማነት
• የስኳር ሕመም
• በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ የኮሌስትሮል መጠን፣ ጅማቱ ውስጥ ስብ ሊያጠራቅም ስለሚችል
• የአከርካሪና የመገጣጠሚያ ብግነት የሚያስከትሉ አንዳንድ በሽታዎች
• አንዳንድ መድኃኒቶች

ከመድኃኒቶቹ መካከል ልዩ ትኩረት የሚያስፈልጋቸው ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን የሚገኙበት የፍሎሮኩይኖሎን ቤተሰብ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የጅማት ሕመምና መበጠስ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ የሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ፣ የኮርቲኮስቴሮይድ መድኃኒት በሚወስዱና የኩላሊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ንቅለ ተከላ ባደረጉ ሰዎች ላይ ይጨምራል። መድኃኒቱን እየወሰደ ቋንጃው የሚያመው ሰው ስፖርት አቁሞ ወዲያውኑ ሐኪሙን ማነጋገር አለበት። ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች አንዱ ይህ ነው።

ምልክቶች

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይጀምራል። ታማሚው ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ወይም ረጅም ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ጅማቱ ድርቅ ብሎ ያመዋል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይለቀዋል። በሩጫም ላይ እንዲሁ መጀመሪያ ላይ ያምና ሰውነት ሲሞቅ ይጠፋል። ይህ መጥፋት ብዙዎችን ያታልላል፤ ሕመሙ ሲጠፋ ችግሩም የጠፋ ይመስላቸዋልና ልምምዱን ይቀጥላሉ። ጉዳቱ እየከፋ ሲሄድ ሕመሙ በልምምዱ ሙሉ ይቆያል፣ በማግስቱ ይበረታል፣ በመጨረሻም ተራ እርምጃን ጭምር ያስቸግራል። ጅማቱ በጣት ሲቆነጠጥ ያማል፤ ከጤነኛው እግር ጋር ሲነጻጸርም ወፍሮ ሊታይ ይችላል።

ምርመራ

ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሕመሙን በአብዛኛው የሚለየው ታሪኩን በመጠየቅና ጅማቱን በመዳሰስ ነው። ታማሚው በአንድ እግሩ በጣቶቹ ላይ ስንት ጊዜ መነሳት እንደሚችል መቁጠር የጡንቻውን አቅም ያሳያል። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ምርመራው ግልጽ ሳይሆን ሲቀር ይረዳሉ፤ ነገር ግን ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ጅማትም በምስል ላይ ተለውጦ ሊታይ ስለሚችል ምስል ብቻውን አይበቃም።

ባትና ተረከዝ አካባቢ የሚሰማ ሕመም ሁሉ የጅማት ሕመም አይደለም። ያለ ምክንያት ባት አብጦ፣ ሞቆና ቀልቶ ሲያም በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ መታየት አለበት። በማደግ ላይ ባሉ ልጆች የተረከዝ የኋላ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ገና ካልጠነከረው የተረከዝ አጥንት ነው።

ሕክምና

ጫናን መቆጣጠር

የመጀመሪያው እርምጃ ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን እንቅስቃሴ መቀነስ ነው። ዝላይ፣ ፈጣን ሩጫና ዳገት ለጊዜው ይቀራሉ፤ በቦታቸው ብስክሌት መንዳት፣ ዋና ወይም በሜዳማ ቦታ መራመድ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ መተኛት ግን አይመከርም፤ ጭነት ያጣ ጅማትና ጡንቻ ይበልጥ ይደክማሉና።

ጫናው ልክ መሆኑን ለማወቅ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 መለካት የተለመደ ዘዴ ነው። 0 ምንም ሕመም የሌለበት፣ 10 ደግሞ ሊታሰብ የሚችለው ከፍተኛ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊድን በታተመ ጥናት ሕመማቸው ከ5 እንዳይበልጥና እስከ ማግስቱ ጠዋት እንዲበርድ እየተቆጣጠሩ መሮጥና መዝለል የቀጠሉ ታማሚዎች ያቆሙትን ያህል ተሽሏቸዋል። በዚህ አሠራር ዋናው መለኪያ የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ጅማቱ ከትናንቱ የበለጠ ከደረቀና ካመመ ያለፈው ቀን ልምምድ በዝቷል ማለት ነው።

የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ

በጣም የታወቀው ዘዴ ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው ነው። አፈጻጸሙ የሚከተለው ነው፦

1. ታማሚው ግድግዳ ወይም መደገፊያ ይዞ በደረጃ ጫፍ ላይ በፊተኛው የውስጥ እግሩ ይቆማል፤ ተረከዞቹ ከደረጃው ውጭ ይሆናሉ።
2. በጤነኛው እግር ኃይል በጣቶቹ ላይ ይነሳል።
3. ክብደቱን ወደሚያመው እግር አዛውሮ ተረከዙን ከደረጃው በታች እስኪወርድ ድረስ ቀስ ብሎ ያወርዳል።
4. በጤነኛው እግር እንደገና ይነሳል።

ይህ ጉልበት ተዘርግቶ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበት በመጠኑ ታጥፎ ደግሞ 15 ጊዜ በ3 ዙር ይሠራል። በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚደገም የሚያመው እግር በቀን 180 ጊዜ ይወርዳል፤ ይህም ለ12 ሳምንታት በየቀኑ ይቀጥላል። እንቅስቃሴው ሲቀል በጀርባ ቦርሳ ውስጥ ክብደት ይጨመራል።

ይህን ሁሉ በየቀኑ መሥራት ለሚከብደው ሰው ሌላ አማራጭ አለ። በዴንማርክ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በሳምንት 3 ቀን ብቻ፣ በከባድ ክብደትና በዝግታ የሚሠራ እንቅስቃሴን ከአልፍሬድሰን ዘዴ ጋር አነጻጽሮ ሁለቱም ተመሳሳይ ጥሩ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። በመጋጠሚያው ላይ ለሚያመው ሰው ግን ተረከዝን ከደረጃ በታች ማውረድ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር ስለሚያጣብቀው እንቅስቃሴው በጠፍጣፋ መሬት ላይ ቢሠራ ይሻላል።

ውጤቱ በቀናት አይታይም። ብዙ ሰዎች በ3 ወር ውስጥ ግልጽ ለውጥ ያያሉ፤ ሙሉ በሙሉ ለማገገም ግን 6 ወርና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በ3ኛው ሳምንት ለውጥ የለም ብሎ ማቋረጥ ሕመሙን ከሚያራዝሙት ስሕተቶች አንዱ ነው።

መድኃኒትና ሌሎች ዘዴዎች

በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለአጭር ጊዜ መያዝ፣ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳሉ። አይቡፕሮፌን የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ችግር ላለባቸው ሰዎች አደገኛ ሊሆን ይችላል። ጫማ ውስጥ ከተረከዝ ሥር የሚገባ መደገፊያ ጅማቱ ላይ የሚያርፈውን ውጥረት ይቀንሳል፤ በተለይ ለመጋጠሚያ ሕመም ይረዳል። በእንቅስቃሴ ያልተሻለው ሰው በድንጋጤ ሞገድ የሚሰጥ ሕክምና ሊታዘዝለት ይችላል።

የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ በጅማቱ ውስጥ መወጋት ጅማቱን ሊያዳክምና ለመበጠስ ሊያጋልጥ ስለሚችል በአብዛኛው አይመከርም። ከታማሚው ደም ተጣርቶ የሚወጋው የፕሌትሌት መርፌም ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ሆኖም በብሪታንያ በ240 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከማስመሰያ መርፌ የተሻለ ውጤት አላገኘበትም። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ለ6 ወር ያህል በሥርዓቱ የተሠራ እንቅስቃሴ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ነው።

የጅማት መበጠስ

ጅማቱ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በድንገተኛ ሩጫ ወይም ዝላይ መነሻ ላይ ነው። በተለይ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉና አልፎ አልፎ ብቻ ስፖርት በሚሠሩ ወንዶች ላይ ይበዛል። ተጎጂው «ጧ» የሚል ድምፅ ሊሰማና ከኋላው ሰው የረገጠው ወይም በድንጋይ የመታው ሊመስለው ይችላል፤ ዞር ሲል ግን ማንም የለም። ከዚያ በኋላ በዚያ እግር በጣቶቹ ላይ መነሳት ያቅተዋል።

ሐኪም ተጎጂውን በሆዱ አስተኝቶ ባቱን ይጨምቃል። ጅማቱ ጤነኛ ከሆነ እግሩ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ከተበጠሰ አይንቀሳቀስም ወይም በጣም ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ሕመሙ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሊቀንስና ተጎጂው እያነከሰም ቢሆን ሊራመድ ስለሚችል ጉዳቱ እንደ ተራ ወለምታ ተቆጥሮ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ እግሩን የተጎዳ ሰው በቅድሚያ ወደ ወጌሻ መሄዱ የተለመደ ነው፤ የተበጠሰ ጅማት ግን በማሸት አይገጥምም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ያሉበት ሰው ሳይታሽ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ሕክምናው በቀዶ ሕክምና መስፋት ወይም እግሩን ጣቶቹ ወደ ታች እንዳመለከቱ በጀሶ ወይም በልዩ ጫማ ይዞ ጫፎቹ እንዲገጥሙ ማድረግ ነው። በኖርዌይ ከ500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱም ወገኖች ተመሳሳይ የእግር አቅም እንደነበራቸው አሳይቷል። ልዩነቱ በአደጋዎቹ ላይ ነው፦ ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙት 6.2 በመቶ ያህሉ ጅማታቸው እንደገና ተበጥሷል፤ የተሰፉት ላይ ይህ 0.6 በመቶ ቢሆንም በቀዶ ሕክምናው የነርቭ ጉዳት የደረሰባቸው በርክተዋል።

መከላከል

ሕመሙን ሙሉ በሙሉ የሚከላከል ዘዴ የለም፤ የሚከተሉት ግን አደጋውን ለመቀነስ ይመከራሉ፦

• ርቀትን፣ ፍጥነትንና ዳገትን በአንድ ጊዜ አለመጨመር፤ አንዱን ጨምሮ ጅማቱ እስኪለምደው ለጥቂት ሳምንታት መቆየት
• ከከባድ ልምምድ በኋላ በማግስቱ ቀላል ልምምድ ወይም ዕረፍት ማድረግ
• በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን በጣቶች ላይ በመነሳትና በመውረድ ባትን ማጠንከር
• ከፈጣን ሩጫ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ
• ያለቀ የሩጫ ጫማ መቀየር፤ ወደ ስስ ጫማ ሲዛወሩም ቀስ በቀስ መልመድ
• ከሕመም ወይም ከረጅም ዕረፍት በኋላ ቀድሞ ከነበሩበት ዝቅ ብሎ መጀመር

ጡንቻን ማሳሳብ ብዙ ሰዎች የሚያዘወትሩት ቢሆንም ብቻውን ሕመሙን እንደሚከላከል የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው። እንደ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላሉ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫዎች የሚዘጋጅ አዲስ ሯጭ ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ከመጣደፍ ይልቅ ወራት አስቀድሞ ሩጫንና እርምጃን እያፈራረቀ ቢጀምር ለጅማቱ ጊዜ ይሰጠዋል።

በታወቁ ስፖርተኞች ላይ

አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ሲድኒ ኦሊምፒክ የሄደው የአኪሌስ ጅማቱን እያመመው ነበር። በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ቀድሞ የወርቅ ሜዳሊያ ካገኘ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት 3ኛ ወጣ፤ በ2008 ደግሞ በ35 ዓመቱ የበርሊን ማራቶንን በ2፡03፡59 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ።

ቻይናዊው የመሰናክል ሯጭ ሊዩ ሺያንግ በዚሁ የጅማት ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2008 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ከመጀመሪያው ማጣሪያ ወጣ። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የመጀመሪያውን መሰናክል ሲመታ ጅማቱ ተበጥሶ ከውድድር ተሰናብቷል። እንግሊዛዊው እግር ኳስ ተጫዋች ዴቪድ ቤካም በ2010 ጅማቱ በመበጠሱ በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው የዓለም ዋንጫ አምልጦታል። አሜሪካዊው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቢ ብራያንት በሚያዝያ 2013 ጅማቱ ከተበጠሰ በኋላ ሁለት ቅጣት ምቶችን አስቆጥሮ ከሜዳ ወጥቷል፤ ወደ ጨዋታ የተመለሰውም ከ8 ወር ገደማ በኋላ ነው።